ቱንቢ እጁን ያሳረፈበት ሰሞን

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳውን ቀጥታ የሚለኩባት፣ በክር የተንጠለጠለች የብረት ፍሬ ናት። እሱም እንደዚያው ነው፤ ያጋደለ ነገር አይወድም። ያጋደለ ግንብ ያያል ያፈርሳል፣ ያጋደለ ወሬ ይሰማል ያቃናል፣ መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው ባርኔጣው ከተንጋደደ ቆም ብሎ ይነግረዋል። በራሱ የሚተማመነው ደግሞ ለጉድ ነው። "እኔ የሠራሁት ግድግዳ ቀብሬ ላይ ቆሞ ያለቅሳል እንጂ ቀድሞኝ አይወድቅም" ይላል። ግድግዳዎቹ እስከ ዛሬ ቆመው ስላሉ የሚከራከረው የለም።

ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለችው አንዲት ልጁ ደውላ፣ "አባዬ፣ የመውለጃዬ ጊዜ እየደረሰ ነው። ባሌ መርከብ ላይ ነው፣ ቶሎ አይመለስም። አጠገቤ የሚሆን ሰው የለኝም" ስትለው ለአፍታም አላንገራገረም።

"እኔ ምን ሆኜ? መጥቼ አርስሻለሁ!" አላት።

ይህን የሰማችው ታላቅ እህቱ ነበረች፤ እትዬ ይላታል። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"አንተ? ወንድ አራስ ሲያርስ የት አይተህ ነው?"

"እናቷ ስትሞት ማን አሳደጋት? ጎረቤት ነው ያሳደጋት?"

"እሱስ አንተ ነህ።"

"እንግዲያው ልጇንም አሳድጋለሁ። ካልሆነ አንቺ ሂጂላት።"

እትዬ መሳቋን ተወች። እንኳን አውሮፕላን ሊፍት ውስጥ አትገባም፤ ሐኪም ቤት ስትሄድ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ነው የምትወጣው። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ፣ ሂያጁ ቱንቢ ሆነ።

ቪዛ የሚባለው ነገር ግን በአንድ ቃል የሚቆረጥ አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ዘርግታ ፎርም የምትሞላ ሴት አለች፤ ፎርም ሞይዋ ነው የምትባለው። እሷ ዘንድ ሄዶ ሲቀመጥ የሚፈለገውን ሁሉ ነገረችው። የልጁ የጥሪ ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የአማቹ የሥራ ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ። ፎቶው ላይ መሳቅ አይቻልም፣ ኮፍያ አይቻልም፣ ጆሮ መታየት አለበት። ቱንቢ መሳቁን በቀላሉ ተወው፤ ኮፍያው ግን ልብሱ ሳይሆን አካሉ ነበርና ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተነሳ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው፣ አለች ፎርም ሞይዋ፣ እንደሚመለስ የሚያሳይ ነገር ነው። ቱንቢ የጀመረው ቤት ነበረው፤ የአንዲት ፋርማሲስት መኖሪያ፣ ግድግዳው እኩሌታ ላይ የደረሰ። ውሉን አመጣላት።

"ጀምሬ የተውኩት ግንብ እያለ የትም አልቀርም። ይህን ጻፊላቸው" አላት።

"ይኼ የሚጻፍበት ቦታ የለውም ጋሼ። ቃለ መጠይቁ ላይ ይነግሯቸዋል።"

አካሄዱም እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በቪዛ ማዕከሉ አሻራ መስጠት፣ አሻራው ተቀባይነት ካገኘ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ። ቀጠሮ እንደ ዝናብ የሚጠበቅ ነገር ነበርና ፎርም ሞይዋ በየማለዳው ኮምፒውተሯን እየከፈተች ስትጠባበቅ ከርማ አንድ ቀን እየጮኸች ወደ ደጁ መጣች። ተገኘ።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ምሽት ቱንቢ እጁን ተመለከተ። ሲሚንቶ በየስንጥቁ ገብቶ ግራጫ አድርጎታል፣ ጥፍሮቹ ሥር ኖራ አለ። ለሰው አገር መንግሥት እንዲህ ያለ እጅ መስጠት ነውር ነው ብሎ አሰበ። ሳሙናው አላስለቀቀለትም፣ በረኪናውም አላስለቀቀለትም። ሥራ የሚያውቅ ሰው መሣሪያ አያጣምና ዕቃ ቤት ገብቶ በር የሚያለሰልስበትን የብርጭቆ ወረቀት አወጣ። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ጥሩ እንጨት፣ ቀልተው እስኪያበሩ ድረስ ፈተጋቸው። ከዚያ በኩራት ተኛ።

በማግስቱ የቪዛ ማዕከሉ ባንኮኒ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ በትሕትና ተቀበለችውና አራቱን ጣቶቹን መስታወቱ ላይ እንዲያሳርፍ ነገረችው። አሳረፈ። ማሽኑ ቀይ አበራ። ጠረግ አድርጋ አስደገመችው፤ ቀይ። በግራ፤ ቀይ። አውራ ጣት ለብቻ፤ ቀይ።

"አባቴ፣" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አሻራ የለዎትም።"

"እንዴት የለኝም? ከናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁት እጅ ነው!"

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ግንበኛ።"

"አሃ። ሲሚንቶ ይበላዋል። ግን እንዲህ ጭራሽ ልሙጥ የሆነ አይቼ አላውቅም። ምን ነክተው ነበር?"

ነገራት። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ቱንቢ ማልቀሷ መሰለው። ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ስትጠርግ ግን የነገረችው የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ሌላ ቀጠሮ ልትሰጠው ትችላለች። ያኔም ካልነበበ ፋይሉ ባሕር ማዶ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይላካል፣ መልሱም በወራት ነው የሚመጣው።

"ልጄ እኮ ልትወልድ ነው።"

"ገብቶኛል አባቴ። ቆዳ ይመለሳል፣ ካሳረፉት ይመለሳል። ሲሚንቶ አይንኩ፣ አሸዋ አይንኩ፣ በሳሙና ዕቃ አይጠቡ። ቅባት ይቀቡ፣ ጓንት ያድርጉ። እጅዎን እንዲሁ ዝም ያሰኙት።"

ቱንቢ ወደ ቤቱ ሲመለስ መዳፉን ደጋግሞ እየገለበጠ አየው። ፈራ። ደረጃ ሲሠራ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ያልፈራ ሰው፣ ልጁ ብቻዋን አልጋ ላይ ሆና በር በሩን ስታይ ታየችውና ፈራ።

እትዬ ታሪኩን ስትሰማ መጀመሪያ ሰደበችው፣ ቀጥሎ ሻንጣዋን ይዛ ቤቱ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቱንቢ እጅ የሱ መሆኑ ቀረ። ጠዋት ግሊሰሪን፣ ቀን ቫዝሊን፣ ሲተኛ ቫዝሊኑ ላይ ካልሲ። ብርጭቆ ሊያጥብ ሲነሳ ከእጁ ትነጥቀዋለች፣ የጫማውን ክር እንኳ እሷ ነበረች የምታስረው።

"ሰው ቢያይ ምን ይላል?" ይላታል።

"ሙሽራ ሆነ ይላል። እግርህን አምጣ።"

በየሳምንቱ መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ አጠገብ ታስቀምጠውና ጣቶቹን ትመረምራለች። መጀመሪያ ላይ ምንም የለም። ቆዳው ተላጠ፣ ከሥሩ ሮዝ የሆነ አዲስ ቆዳ ብቅ አለ። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ጮኸች።

"ወጣ! መስመር ወጣ! ሌባ ጣትህ ላይ፣ ይኸው!"

"እስቲ ልየው።"

"አትነካካው!" ብላ እጁን መታችው፣ ወዲያው ደግሞ መምታቷን አስታውሳ ጣቱን እፍ አለችበት።

አስቸጋሪው ግን ቤት መቀመጡ ሳይሆን ሥራ ቦታው ነበር። የፋርማሲስቷ ቤት ሥራ መቋረጥ የለበትምና ቱንቢ ጓንቱን አጥልቆ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ያሠራል። የሚሠራው ረዳቱ ቶሎቶሎ ነው። ስሙ የወጣለት "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ" ከሚለው ተረት ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ዓይኑ ችኩል ነው። እስከ ዛሬ ቶሎቶሎ ሲያጣምም ቱንቢ "ስጠኝ እስቲ!" ብሎ የግንበኛ ማንኪያውን ይነጥቀውና ራሱ ያቃናው ነበር። አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አስረድቶት አያውቅም፤ ከማስረዳት መንጠቅ ይቀላልና።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ሊዘንብ ሲል ቶሎቶሎ የማዕዘኑን ግንብ እያጣደፈ አወጣው። ቱንቢ ከሩቅ አየው። ያጋደለ ነው። መለኪያ አላስፈለገውም፣ ሆዱ ነገረው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ካልተያዘ ዕድሜ ልኩን ሲያጋድል ሊኖር ነው። ጓንቱን ሲያወልቅ ለራሱም አልታወቀውም። ማንኪያውን ከቶሎቶሎ እጅ ነጠቀ፣ ባልዲው ላይ ጎንበስ አለ። ጭቃው እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ እጁ የሚያውቀው ወዳጅ ነበር። ጣቱ ሊነካው ሲል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ።

ልጁ ነበረች። ምንም የተለየ አልነበራትም፣ የሕፃኑን አልጋ ገጣጥማ አንድ ብሎን ተርፏት፣ የት እንደሚገባ ልትጠይቀው ነው።

"የተረፈ ብሎን ካለ የጎደለ ቦታ አለ" አላት። "ፈታ አድርገሽ እንደገና ጀምሪው። ግን እንዳትጎነበሺ፣ ወንበር ላይ ሆነሽ።"

"ለምን አንተ መጥተህ አትሠራውም?" ብላ ሳቀች። ሳቋ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰበረ፣ ስልኩንም ቶሎ ዘጋችው።

ቱንቢ ማንኪያውን ለቶሎቶሎ መለሰለት። ጓንቱን አጠለቀ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ጥርሱን ነከሰ።

"አፍርሰው" አለው።

"ሊዘንብ ነው እኮ ጋሼ!"

"ይዝነብ። ከታች ከሦስተኛው ረድፍ ጀምረህ አፍርሰው። አሁን ክሩን ወጥረው። አይደለም፣ ከላይ ሳይሆን ከጎን እየው። አንድ ዓይንህን ጨፍን። ምን ይታይሃል?"

ቶሎቶሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። "ያጋድላል" አለ በመጨረሻ፣ በገዛ ሥራው ተገርሞ።

ዝናቡ ወረደባቸው። ላስቲክ ወጥረው ከሥሩ ሆነው፣ አንዱ በአፉ ሌላው በእጁ፣ ማዕዘኑን እንደገና አወጡት። ቱንቢ በጩኸት ድምፁ ሲዘጋ ግንቡ ቀጥ አለ። በአፍ ብቻ የተሠራ ግንብ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር፣ ከሌላውም አያንስም። ይህን ግን ለቶሎቶሎ አልነገረውም፤ እንዳይኮራበት።

ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። የዚያን ቀን እትዬ ራሷ ይዛው ሄደች፣ በመንገድ ላይ ሰው እንዳይጨብጠው እየተከላከለች። የቪዛ ማዕከሉ ልጅ አወቀችው። ጣቶቹን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፣ ትንፋሹን ያዘ። አረንጓዴ። ግራው፤ አረንጓዴ። አውራ ጣቶቹ፤ አረንጓዴ። ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ አጨበጨበች፣ ወረፋ የያዘውም ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ አጨበጨበ።

"ድሮም የኔው ነበር" አለ ቱንቢ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ።

የቀረው ቃለ መጠይቁ ነበር። እትዬ ለዚህም አሠልጥናዋለች። "አጭር መልስ! የጠየቁህን ብቻ! ስለ ግድግዳ ንግግር እንዳታደርግ!" በዕለቱ ጠዋት ለክብሩ ስትል እጁን በግሊሰሪን ደረብ አድርጋ አሸችው።

ኤምባሲው ውስጥ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፣ ሐኪም ቤት ይመስላል። ቱንቢ ተራው ደርሶ ወደ መስኮቱ ሲቀርብ ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት ጠና ያለች የውጭ አገር ሴት ተቀምጣለች፣ አጠገቧም ወጣት አስተርጓሚ አለ። ማን ይጠራዎታል፣ ለምን፣ መቼ ይመለሳሉ። ቱንቢ አጭር አጭሩን መለሰ። እትዬ ብታየው ትኮራበት ነበር።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ግንበኛ ነኝ። የጀመርኩት ቤት አለ፣ ውሉ እዚያ ውስጥ ነው። ተመልሼ እጨርሰዋለሁ።"

ሴትዮዋ ውሉን ገለጠች። ከዚያ ዓይኗ በመስታወቱ ሥር ወደተዘረጋው እጁ ወረደ፣ እዚያው ቀረ። ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር ነገረችው። ወጣቱ ለመናገር ተቸገረ።

"አባባ፣ እጅዎን ያሳዩኝ ትላለች።"

አሳያት። የታሸ፣ የለሰለሰ፣ በግሊሰሪን የሚያበራ እጅ፤ እድሜ ልኩን ከብዕር የከበደ ነገር ያልያዘ ሰው እጅ ይመስላል። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች።

"አባቴም ግንበኛ ነበር ትላለች" አለ አስተርጓሚው ቀስ ብሎ። "የግንበኛ እጅ አውቃለሁ፣ ይኼ የግንበኛ እጅ አይደለም ትላለች። እውነተኛ ሥራዎ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ እያለች ነው።"

የቱንቢ ደም ወደ ፊቱ ወጣ። ዋሸህ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አንስታለች፣ ከዚያች እስክሪብቶ ወዲያ ልጁ አለች። አጭር መልስ፣ ይለው ነበር የእትዬ ድምፅ። አጭር መልስ ግን አልመጣለትም።

"ልጄ፣ እንደምነግርህ ንገራት፣ ቃል አታጉድል። ፊት ስመጣ እጄ የግንበኛ እጅ ነበር። አሻራ የለህም ብላችሁ መለሳችሁኝ። አሻራ አምጣ ስትሉኝ ሥራዬን ትቼ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በካልሲ ተኝቼ አሻራ አበቀልኩ። አሁን ደግሞ ሻካራ እጅ አምጣ ትሉኛላችሁ። ሁለቱን ባንድ መዳፍ የያዘ ሰው ካለ አሳዩኝና እኔም ልየው!"

አስተርጓሚው ከንፈሩን ነክሶ ተረጎመ። ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች፣ ጥቂት አነበበች፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። የመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ሁሉም እዚያው ተመዝግቦ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፣ ድምጿ አሁን ለስለስ ብሏል።

"ሕፃን ይዘው ያውቃሉ ወይ ትላለች።"

ቱንቢ እጆቹን አየ። ሊናገር ያላሰበው ነገር ነበር፤ ለእትዬም፣ ለልጁም፣ ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

"ይህችኑ ልጄን ይዣለሁ። እናቷ ስትሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ከሥራ ስገባ ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። ስነካት ታለቅሳለች። ውሃው ሞቆባት ነው እላለሁ፣ ቀዝቅዞባት ነው እላለሁ። አንድ ቀን ጉንጯ ላይ ጭረት አየሁ። የኔ መዳፍ ነው የጫረው፤ ሲሚንቶ የጠጣ እጅ እንደ ሞረድ ነው። ያን ቀን ከሷ ብሼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ እጄን ገልብጬ በጀርባው ማጠብ ጀመርኩ። አድጋ ራሷን እስክትችል ድረስ በመዳፌ ፊቷን ነክቼ አላውቅም።" ቆም አለ። "ይኸው ዛሬ በናንተ ማሽን ሰበብ፣ በእድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕፃን የሚይዝ እጅ አለኝ። ሳይሻክር ልሂድበት። ይህንን ንገርልኝ።"

አስተርጓሚው ቀስ እያለ፣ አንድ ቃል ሳያጎድል ነገራት። ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ የራሷን መዳፍ ስታይ ቆየች። ሌላ አልጠየቀችም። የሆነ ወረቀት ላይ ፈረመችና ፓስፖርቱን ከጎኗ ባለው ሳጥን ውስጥ ጣለችው።

"ፓስፖርትዎ እኛ ጋ ይቀመጣል" አለ አስተርጓሚው።

"ለምን? ምን አጠፋሁ?"

"አባባ፣ እዚህ የሚታዘንለት ፓስፖርቱ የተመለሰለት ሰው ነው። ያስቀሩበት ሰው ይስቃል።"

ደጅ እትዬ ከወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጠች አገኛት። ነገሩን ከፊቱ አንብባ እልል ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ ጥበቃውን አይታ ዋጠችው። "አጭር አጭሩን መለስክ አይደል?" አለችው።

"በጣም አጭር" አለ ቱንቢ። በዚያን ቀን ትንሽ አጋደለ።

ከዚያ አጥሩ ሥር ጥላ ፈልጎ ለልጁ ደወለላት። መጣሁልሽ ሲላት አለቀሰችም ሳቀችም፣ አልጋው ተገጣጥሞ ማለቁን፣ ብሎኗም ቦታዋን ማግኘቷን ነገረችው። እሱም ደስታው አፉን ፈቶት መስኮቱ ላይ የተናገረውን ሁሉ አወራላት፤ ስለ ካልሲው፣ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ጭረቱ፣ በእጁ ጀርባ ስለማጠቡ። ሲጨርስ ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ።

"ምነው? መስመሩ ተቋረጠ?"

"አለሁ አባዬ።" ድምጿ ቀጥኗል። "እኔ እኮ ሰው ሁሉ ፊቱን የሚታጠበው በእጁ ጀርባ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ ነው ያሳየኸኝ። ትምህርት ቤት ሲስቁብኝ፣ ባሌ ሲስቅብኝ፣ ለምን እንደሚስቁ አይገባኝም ነበር። ዛሬ ጠዋትም እንደዚያው ነው የታጠብኩት።"

እትዬ ደንግጣ ምን ሆንክ እያለች ክርኑን ስትጎትተው ቱንቢ በለሰለሰው መዳፉ ዓይኑን ጠረገ።

"በይ ጠብቂኝ" አላት ልጁን። "ሁለታችሁንም በመዳፌ ነው የማጥባችሁ።"